ለእማማ የተጣደ ሾርባ

መምህሩን የግቢው ሰው «ፕሮፌሰር» ይለዋል፤ ማዕረጉን የሰጠው ግቢው ነው እንጂ ዩኒቨርሲቲው እስካሁን አልሰማም። የሚያስተምረው ፊዚክስ ነው። እናቱ የሚተነፍሱት ከራስጌያቸው በቆመ የኦክስጅን ማሽን ሲሆን፣ ማሽኑ የሚሠራው ግቢው በሙሉ በሚጋራው አንድ ቀጭን ሽቦ ነው። አመሻሽ ላይ ምድጃው ሁሉ ሲሰካ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ማሽኑም ይጮሃል።

መላ ሲጠፋ ጎረቤቶቹን ሰብስቦ አስተማረ። በጠመኔ በሩ ላይ ሽቦ ሣለ።

«ኤሌክትሮኖች በዚህ ሲጓዙ ጅረት እንለዋለን። ገፊያቸው ቮልቴጅ ነው። ምድጃ በበዛ ቁጥር ጅረቱ ይበዛል፣ ቀጭኑ ሽቦ ደግሞ ግፊቱን መንገድ ላይ ይበላዋል። ታዲያ ለእማዬ ማሽን ምን ይደርሳል?»

«ገባን» አለች አዋላጇ። «አንተ፣ ለተማሪዎችህም እንዲህ ብታስረዳ ማን ይወድቅ ነበር?»

«ለእማማ ከሆነ ጥሬ እቆረጥማለሁ!» አለ ልብስ ሰፊው።

በየተራ ለማብሰል ተስማሙ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። ማሽኑ ሰላም አገኘ። ለመምህሩ፣ ያስተማረው ክፍል በሙሉ ፈተና ሲያልፍለት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

አንድ ቀን እናቱ እህል አልገባ አላቸው። ኤሌክትሮን በሽቦ ውስጥ ከቀንድ አውጣ ቀስ ብሎ ነው የሚጓዘው፤ ወሬ ግን ሽቦም አያሻው። «እማማ ምንም አልቀመሱም» ተባለ። አመሻሽ ላይ አምፖሉ እንደ ፍም ቀላ፣ ማሽኑ ጮኸ። መምህሩ የአዋላጇን በር በርግዶ ገባ።

«እትዬ፣ ምድጃው!»

«ለማን መሰለህ? ለእሳቸው ሾርባ ነው። ደግሞ ትንሿን ነው የሰካኋት።»

ነቀለው። ወደ ልብስ ሰፊው ሮጠ።

«ጋሼ፣ ያጥፉት፣ እማዬ ታፈነች!»

«ምነው ፕሮፌሰር፣ ለእሳቸው አይደል እንዴ! አንዴ ግንፍል ይበል ብቻ።»

የእሱን ሲያስጠፋ ከጀርባው የአዋላጇ ተመልሶ ተሰካ። ጎረቤታቸው የታክሲ ሹፌሩም ድስት ጥዷል።

ሲመለስ ማሽኑ ጸጥ ብሏል። አቅም አጥቶ ቆሟል። መምህሩ ካርቶን አንስቶ እናቱን ማራገብ ያዘ፤ እሳቸውም እጅጌውን ጨብጠው አልለቅ አሉ። ጎረቤቶቹ የተከደነ ሳህን በሳህን ሆነው ገቡ፣ ክፍሏ ጢም አለች።

«ምድጃውን አጥፍታችሁ ነው የመጣችሁት?»

ተያዩ። «የተረፈው እንዳይቀዘቅዝ ብለን…» አለች አዋላጇ።

«ሂዱ አጥፉ! በፈጠራችሁ!»

«የእኔ እኮ ትንሿ ናት» አለች። «የሹፌሩ ነው ትልቁ።»

«የእኔማ ምን አላት?» አለ ሹፌሩ። «የልብስ ሰፊው ናት እንጂ።»

ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። የእናቱ ከንፈር ጠቁሯል። ጆሮውን አስጠጋ።

«አትቆጣቸው» አሉ በተቆራረጠ ትንፋሽ። «ቅመስላቸው።»

በአንድ እጁ እያራገበ በሌላው ማንኪያውን ተቀበለ። ጎረቤቶቹ ትንፋሻቸውን ውጠው አፍ አፉን ያዩታል።

«ጨው አነሰው እንዴ?» አለች አዋላጇ።