ሮቶው ውስጥ የገባው ጸበል

የልጄ የፀደንያ ሥራ አንኮበር ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ጓሮ የተተከለውን ባትሪ መከታተል ነው። ባትሪ ስላችሁ የእጅ ባትሪ እንዳይመስላችሁ። ውሃ እንደምናጠራቅምባቸው ያሉ ሁለት ትልልቅ ሮቶዎች ናቸው፤ ውስጣቸው ብረትና ክሮሚየም የሟሟበት አረንጓዴ ፈሳሽ አለ። ቀን ከፀሐይ የሚመጣውን ኃይል ፈሳሹ ይይዘዋል፤ ሲመሽ የክትባቱ ፍሪጅ በእሱ ይሠራል።

ሰኞ ምሳ ይዤላት ስሄድ የአንደኛው ሮቶ ክዳን ተከፍቷል፤ እሷ ጓንት ልታመጣ ገብታለች። ባትሪው ሁለት ጊዜ ቆሞባት እንቅልፍ አጥታ ሰንብታ ነበር። መሰላሉ ላይ ወጣሁና ከሚካኤል ያመጣሁትን ጸበል አንድ ኩባያ ጨመርኩበት። ለእሷ ብዬ ነው።

በማግስቱ የባትሪው ጉልበት በግማሽ ወረደ። መሐንዲሱ ቴዎፍሎስ ከደብረ ብርሃን መጣ። ፀደንያ ፊቷ አመድ መስሎ፣ "ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም። ከሥራ መባረሬ ነው" አለችኝ።

ግድግዳው ላይ ደብተር ተንጠልጥሏል። ሮቶው ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ከጨመረው ሰው ስም ጋር ይጻፍበታል። በአፌ ልናገረው አፈርኩ። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ስምንት ወሬ ነው፤ ከክፍል ውጭ ጽፌ አላውቅም። እስክሪብቶውን አንስቼ፣ "ሰኞ። ጸበል አንድ ኩባያ። የጨመረች እኔ ይታይሽ። ልጄ አታውቅም" ብዬ ጻፍኩና ለመሐንዲሱ ሰጠሁት።

አንብቦ ወደ እኔ ዞረ።

"የየትኛው ደብር ነው እናቴ?"

"የሚካኤል።"

"እማዬ፣ ምን አድርገሽ ነው?" አለች ፀደንያ።

"ተያቸው" አላት ቴዎፍሎስ፤ "ይሄ ራሱ አብዛኛው ውሃ ነው። አምስት ሺህ ሊትር ውስጥ አንድ ኩባያ ምን ያደርጋል? እኔ የፈራሁት ለእሳቸው ነው። አሲድ አለበት፤ ዓይናቸው ላይ ቢረጭ ኖሮስ?"

ከዚያ ፈሳሹ የሚያልፍበትን ቱቦ ዳሰሰ። "ቀዝቅዟል። ይሄ ፈሳሽ ደህና የሚሠራው ሲሞቅ ነው።" የማሞቂያው ሽቦ በዚህ በእኛ ጉም ዝጎ ተቆርጦ ኖሯል። ቀጠለው። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ የባትሪውን ጉልበት የሚያሳየው ቁጥር መውጣት ሲጀምር ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ፀደንያ ደብተሩን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። የጻፍኩትን ደጋግማ አነበበችው።

"ሌላ ጊዜ እኔን እርጪኝ" አለች፣ "ሮቶውን ተይው።"

ቤት የቀረ ጸበል ነበረኝ። እንደገባን ረጨኋት።