ትንሽ ይንቀጥቀጥ

አባቴ ፒያኖ ቃኚ ነው፤ እኔ ደግሞ ለኳየር ፒያኖ እጫወታለሁ። እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች አንድ ቤት መኖራቸው ለጎረቤት ቅጣት ነው።

ሰሞኑን ግን የተቀጣሁት እኔ ነኝ። ኳየራችን ቅዳሜ አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ ፊት የሚያቀርበው መዝሙር በኤ ፍላት ሜጀር ስኬል የተጻፈ ነው። ቤት ውስጥ ልለማመድ ቁጭ ብዬ የመጀመሪያውን ኮርድ፣ ሦስቱን ድምፅ አንድ ላይ፣ ስመታው ፒያኖው ያላዝናል። የሲ ሜጀርን ኮርድ ስመታ ደግሞ ማር ነው። የማን ሥራ እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልገኝም፤ እኔ አስተካክዬው ስወጣ እሱ የመቃኛ መፍቻውን ይዞ ይቀመጥበታል፣ ስመለስ ያው ልቅሶ ይጠብቀኛል።

የሚያናድደኝ ሥራውን ያስተማረኝ ራሱ መሆኑ ነው። ልጅ ሆኜ ቦርሳውን ተሸክሜ ከቤት ቤት ስከተለው አንድ ነገር ሲደጋግምልኝ ነው ያደግሁት። ፒያኖ ላይ ሁሉም ስኬል እንከን የለሽ አይሆንም። አንዱን ፍጹም ካደረግሽው ጉድለቱ ሌላው ላይ ይከመራል። ስለዚህ ቃኚ ጉድለቱን ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ያካፍላል፤ ድምፆቹ አብረው ሲመቱ በመጠኑ ይንቀጠቀጣሉ፣ የሚያላዝን ግን አይኖርም። «ትንሽ ይንቀጥቀጥ» ይለኝ ነበር።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ትዕግሥቴ አለቀ።

«አባዬ፣ ለምን አትተወውም ይሄን ፒያኖ?»

«ይንቀጠቀጥ ነበራ። አረጋጋሁት።»

«መንቀጥቀጥ አለበት እኮ! አንተው አይደለህ ያስተማርከኝ?»

«አንቺ ቃሪያ፣ ገና ሳትወለጂ ነው ይሄን ሥራ የጀመርኩት» ብሎ ጮኸብኝ። ሰሞኑን ነገሩ ሁሉ ጩኸት ነው። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ መስኮቱ ሥር ተቀመጠና መነጽሩን ይወለውል ጀመር።

ቅዳሜ ጠዋት የአዳራሹን ፒያኖ የሚቃኘውም እሱ ነው። እንዲህ አድርጎ ከቃኘው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዋረዳለን፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ እሱን የሚጠራው ሰው አይኖርም። ይህን ሁሉ ለጀርባው ነገርኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። በንዴት የኤ ፍላቱን ኮርድ በሁለት እጄ ጨፈለቅሁት።

የጎረቤት ውሻ ጮኸ። አባቴ መነጽሩን መወልወሉን ቀጠለ።

ይህ ሰው ድሮ ወጥ ቤት ውስጥ ሆኖ አንዲት የፒያኖ ክር መርገቧን ሰምቶ ማንኪያውን ጥሎ የሚመጣ ሰው ነበር። ደግሜ መታሁት። ምንም። «አባዬ» አልኩት። ምንም።

ሰሞኑን ሲቃኝ መዳፉን የፒያኖው እንጨት ላይ የሚያሳርፈው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ድምፁን ትቶ መንቀጥቀጡን ነበር የሚቃኘው። እጁ ሥር ጸጥ ሲልለት ተስተካከለ ብሎ ይነሳል።

ንዴቴ ግን አልበረደም። እንዴት አይነግረኝም? ሄጄ ትከሻውን ነካሁት፤ ደነገጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የማትሰማው?»

ከንፈሬን ትክ ብሎ አየ። «ቅዳሜ እኔ ነኝ የምቃኘው» አለ።

«ያላዝናል፣ አባዬ።»

«እጄ ያውቀዋል።»

«እጅህ ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያውቀውም» አልኩት፣ ቃሉን አንድ በአንድ፣ ከከንፈሬ እንዲያየው አድርጌ። ከአፌ እንደወጣ ጸጸተኝ፤ ግን መመለስ አይቻልም።

መነጽሩን አደረገ። ተነስቶ ከቦርሳው መፍቻውን አወጣ። ፒያኖው ፊት ሊቀመጥ ነው ስል መፍቻውን እጄ ላይ አኖረው።

ፒያኖውን ከፈትኩና ማጥበቅ፣ ማላላት ጀመርኩ፤ እሱ መዳፉን እንጨቱ ላይ አሳርፎ ቆመ። ያረጋጋው ኮርድ እንደገና መንቀጥቀጥ ሲጀምር ፊቱ ተኮሳተረ፤ እጁን ግን አላነሳም። እኔ ደግሞ መጠኑ ላይ ሁሌም እሳሳታለሁ፤ ወይ አበዛዋለሁ ወይ አሳንሰዋለሁ።

ዞሬ ፊት ለፊት አየሁት። «ምን ያህል ይንቀጥቀጥ?»

የእጄን አንጓ ያዘና በአንድ ጣቱ መታ መታ ያደርግልኝ ጀመር፤ ዝግ ብሎ፣ እኩል በእኩል። ክሩን ቀስ እያልኩ አመጣሁት፤ የኮርዱ እርግብግቢትና ጣቱ አንድ ላይ ሲሄዱ አቆምኩ። ኤ ፍላቱን መታሁት። አላላዘነም።

አባቴ መዳፉን ከእንጨቱ አነሳ።

«ቅዳሜ ቦርሳውን የምሸከመው እኔ ነኝ» አለ፣ ጮክ ብሎ።