አብራ የሄደችው ነጥብ

«እትዬ፣ አይጥረጓት! የዝንብ ኩስ አይደለችም!» ብላ ከዋክብት አጥኚዋ የጎረቤቴ ልጅ ስትጮህ፣ እርጥብ ጨርቄ የኮምፒውተሯ ስክሪን ላይ ካለች ትንሽ ነጥብ ደርሶ ነበር። ሰው ቤት ገብቼ እጄን መሰብሰብ አልችልም።

ለካ ነጥቧን ከአንዲት ወጣት ኮከብ አጠገብ በመጀመሪያው ፎቶ ካየቻት ሦስት ዓመቷ ነው። ኮከቧ በሰማይ ስትጓዝ ነጥቧም አብራ ከሄደች የኮከቧ ፕላኔት ናት፤ ወደኋላ ከቀረች ግን ከጀርባ ያለች ሌላ ኮከብ ናትና የልጅቷን የሦስት ዓመት ልፋት ውኃ በላው ማለት ነው። ሁለተኛው ፎቶ የደረሳት ዛሬ ነው።

የነጥቧን ቦታ ደጋግማ ለክታ ስታበቃ «አብራ ሄዳለች!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔም እንደገባው ሰው አብሬያት ጨፈርኩ፤ ወንበርም ገለበጥን። እናቷ ጭልፋቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ።

«ፕላኔቷ ኮከቧን አንዴ ለመዞር ስንት ጊዜ ይፈጅባታል?»

«ስምንት መቶ ዓመት፣ እማዬ!»

«እንግዲያው ምሳሽን በልተሽ ጠብቂያት።»