የያሕያ የጤና ማስረጃ

ያሕያ ጆሮው ሥር ካልጮኹበት አይሰማም። በ1978 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛን ሲጨርስ ግን፣ ከሰሌዳ እየገለበጠና ደብተር እየተዋሰ ከስንቱ ጆሮ ካለው ሰነፍ የተሻለ ውጤት አመጣ። እኔ መምህሩ ነኝ። ዓመቱን ሙሉ ቢሮዬ አስቀምጬው፣ ወደፊት ምን እንደሚማር በወረቀት እየተጻጻፍን ስናወጋ ከርመን አናጢነት ላይ ተስማማን። እንጨት አይናገርም፤ አዲስ አበባም የሙያ ማሠልጠኛ አለ።

ማመልከቻው ግን “ሙሉ ጤነኛ ስለመሆኑ የሐኪም ማስረጃ” ይላል። ተናደድኩ። ለመጋዝ ጆሮ ምን ያደርግለታል? ደብረ ብርሃን ክሊኒክ የሚሠራ ገብረአብ የሚባል ድሬሰር ጓደኛ አለኝ፤ ለምኜው እያጉረመረመ ጻፈልኝ፣ ማኅተምም መታበት። ምን ያህል እንደኮራሁ! ያሕያንም “አገርህ ወርደህ ለቀበሌው አሳይ፤ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፉልሃል” አልኩት።

በሁለት ሳምንቱ እናቱ ኩብራ ከአልዩ አምባ በኩል መጥታ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

“ጋሼ፣ ልጄን ለብሔራዊ ውትድርና መለመሉት። አይሰማም ብላቸው ‘ወረቀቱ ጤነኛ ነው ይላል’ አሉኝ። ስለ አላህ ብለው እርስዎ ይንገሩልኝ።”

በማግስቱ አብሬያት ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን እያጠናሁ ነበር።

ቀበሌው ግቢ ምልምሎቹ ተሰልፈዋል፤ የጭነት መኪናው ሞተሩ ተነስቷል። ሊቀመንበሩ ያሕያን ሦስት ጊዜ ጠራው። ያሕያ መኪናውን ያያል እንጂ ንቅንቅ አላለም።

“አይሰማም እኮ!” ብላ ኩብራ ጮኸች። “ይኸው መምህሩ! እሳቸውን ጠይቁ!”

ሊቀመንበሩ ማስረጃውን ይዞ ወደ እኔ መጣ። ኮታው እንዳይጎድልበት የጨነቀው ሰው ነው፤ ግን አልጮኸም።

“ጓድ መምህር፣ ይህ ወረቀት ሐሰት ከሆነ የጻፈውም ያስጻፈውም ዛሬውኑ ይታሰራሉ። እውነት ከሆነ ልጁ ይሳፈራል። ይሰማል ወይስ አይሰማም?”

ገብረአብንና አምስት ልጆቹን አሰብኩ። ውሸቴን ነው፤ ያሰብኩት ራሴን ነው። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ታስሬ አውቃለሁ።

“ይሰማል” አልኩ።

ኩብራ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ አየችኝ። ያሕያ አፌ ሲንቀሳቀስ ከሰልፉ መሀል አይቶ ነበር፤ የተሟገትኩለት መስሎት ፈገግ አለልኝ።