በመቃኑ ላይ የተጻፈው ፊደል

በር ለኪው ሰውዬ ሜትሩን ጠቅልሎ፣ ጎንበስ ብሎ ተሰናብቶ ሄደ። እማማ ሂሳኖ ግን ወዲያው አልገቡም። እንግዳ ከሄደ በኋላ ምን ትቶ እንደሄደ ማየት ልማዳቸው ነው። ከስም ሰሌዳቸው ሥር፣ በመቃኑ እንጨት ላይ፣ ጠዋት ያልነበረ ነገር አዩ፤ በእርሳስ የተጻፈ አንድ የፈረንጅ ፊደልና አንድ ቁጥር። ኬ፣ ሁለት።

ጎረቤታቸው ኢሶቤ ባለፈው ሳምንት ያቀበለቻቸው፣ ከቤት ቤት የሚዞረው የሰፈር ማስታወቂያ፣ ሌቦች ቤት ከመስበራቸው በፊት በር ላይ ምልክት ይተዋሉ ይል ነበር። ብቻዋን ለምትኖር ሴት አንድ ፊደል፣ ለሽማግሌ ሌላ ፊደል። ስለ ኬ አልተጻፈም። ግን ይህን ለመፍታት ሊቅ መሆን አያሻም፤ ኮዶሞ፣ በጃፓንኛ ልጅ ማለት፣ በኬ ነው የሚጀምረው። ቤቱ ውስጥ ያሉት ደግሞ ሁለት ናቸው፤ እሳቸውና የስምንት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ናዙና። ልጅ ያለበት፣ ሁለት ነፍስ ብቻ የሚኖርበት ቤት። እርጥብ ጨርቅ አምጥተው እንጨቱ እስኪነጣ ፈተጉት።

ሰውዬውን ዳግም አላስገባም እንዳይሉ በሩ የግድ መቀየር አለበት። ባለፈው የበረዶ ወራት አሮጌው በር በውስጥ በኩል ውርጭ ያበቅል ነበር። የነጭ ጋዙ ማሞቂያ ቀን ከሌት ቢነድም ብርዱ በደፉ ሥር ሾልኮ የናዙናን ክፍል ያገኘዋል። ልጅቱ አርባ ቀን ሙሉ ስትስል ከረመች። ሳፖሮ ከተማ ሆስፒታል የምትሠራው እናቷ ኩሚ በስልክ ቁርጡን ተናገረች፤ በረዶ ሳይጥል በሩ ካልተቀየረ ናዙናን ትወስዳታለች። እዚያ ደግሞ ኩሚ አዳር በገባች ቁጥር ልጅቱ ብቻዋን ልታድር ነው።

መንግሥት የበሩን ወጪ ይጋራል፤ ግን ደንብ አለው። አዲሱ በር ሙቀት በመያዝ የተወሰነለትን ደረጃ ማሟላት አለበት፤ አሮጌውም ሳይነቀል ፎቶ መነሳት አለበት። ያለዚያ እርዳታ የለም፣ በርም የለም። የቤታቸው በር፣ ያውም በማያውቁት ሰው ስልክ ውስጥ። ሳምንቱን ሙሉ ናዙናን ትምህርት ቤት ደጃፍ ድረስ እያደረሱ መለሷት። ልጆቹ እየሳቁብኝ ነው ብትላቸው፣ ይሳቁ አሏት።

ቅዳሜ ጠዋት ሂራጋ፣ ያው በር ለኪው፣ አዲሱን በር ጭኖ መጣ። መቃኑን አየት አደረገ፤ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውርዶ ሊጽፍ ሲል ሂሳኖ እጁን ያዙት።

«ምን ልትጽፍ ነው?»

«የጻፍኩት ጠፍቶ ነው፣ እናቴ።»

«እናትህ አይደለሁም። በስልክ ‹እናቴ› እያለ የሚጀምር ሁሉ መጨረሻው የባንክ ደብተር መጠየቅ ነው።»

«እውነትዎን ነው። የራሴ እናት እንኳ ደውዬ ‹እኔ ነኝ› ስላት ‹ማን እኔ?› ብላ ስልኩን ትዘጋብኛለች።»

ሂሳኖ አልሳቁም። ሂራጋ በቀን አምስት ቤት ስለሚለካ የትኛው በር የየትኛው ቤት እንደሆነ እንዳይምታታበት እንደሚጽፍ ነገራቸው፤ ኬ ለብርድ አገር የተሠራ በር ማለት ነው፣ ሁለቱ ደግሞ ደረጃው። ከአዲሱ በር ላይ ላስቲኩን ገፍፎ የተለጠፈውን ወረቀት አሳያቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡት። ኬ፣ ሁለት። ወረቀትማ ማንም ያትማል አሉና ገብተው ወደ በር መሸጫ ሱቁ ደወሉ፤ እሱ በሰጣቸው ካርድ ላይ ወዳለው ቁጥር ሳይሆን ከአሮጌው የስልክ ማውጫ ፈልገው ወዳገኙት። የሱቋ ልጅ ሂራጋ የእኛ ሠራተኛ ነው፣ ጆሮው ሥር ጥቁር ነጥብ አለው አለቻቸው። ወጥተው ጆሮውን አዩ፤ ነጥቡ አለ። ቢሆንም ሌባስ ሥራ ይቀጠር የለም ወይ?

«ፎቶውስ? በሬን ማን ሊያየው ነው?»

«እርዳታውን የሚሰጠው ቢሮ ነዋ። በሩን ሳይገጥሙ ገጠምን የሚሉ አሉ ብለው ይጠረጥራሉ።»

«እኔን?»

«እርስዎንም እኔንም። አሮጌው በር ቆሞ ካላዩ፣ የአዲሱን መለያ ካላነበቡ፣ ቀኑ በሰሌዳ ላይ ካልተጻፈ አያምኑም።»

ሂሳኖ ከሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሱ። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር፤ ይህን የሚያውቅ ቢሮ አለ ማለት ነው። ከእንዲህ ያለ ቢሮ ጋር መግባባት ይቻላል።

«እንግዲያው አንተም ፎቶው ውስጥ ቁም» አሉት።

ሰው ያለበት ፎቶ ተቀባይነት የለውም ብሎ ተከራከረ። አሰቡና ፈረዱ፤ አንዱን እሱ ለቢሮው ያነሳል፣ ሁለተኛውን እሳቸው ያነሳሉ።

«ሰሌዳህን ይዘህ ቁም። ደግሞ አትሳቅ። መታወቂያ ላይ ማን ይስቃል?»

ሂራጋ ስሙንና ቀኑን የጻፈበትን ሰሌዳ ደረቱ ላይ ይዞ፣ እንደ ተያዘ ሰው ከአሮጌው በር አጠገብ ቆመ። ሂሳኖ ፎቶውን ለኩሚ ላኩላት፤ በራችንን የሚያውቀው ይህ ነው፣ ፊቱን አስታውሽ ብለው። ኩሚ ስለ ሰውዬው አንድም ሳትጠይቅ በሩ ተገጠመ ወይ ብቻ አለች።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተገጠመ። ሂራጋ የመለያውን ወረቀት ፎቶ አንስቶ፣ ፍርፋሪውን ጠርጎ ሄደ። ኩሚም እንግዲህ ናዙና እዚያው ትክረም ብላ ጻፈች። ሂሳኖ መልእክቱን ሦስት ጊዜ አነበቡት። ናዙና ከደረበቻቸው ሁለት ሹራቦች አንዱን አውልቃ የቤት ሥራዋን ያዘች።

ቤቱ ሞቀ፤ ጸጥም አለ። አሮጌው በር የማይነግራቸው ነገር አልነበረም፤ የፖስተኛው ኮቴ፣ የኢሶቤ ቦቲ፣ ማን መጣ፣ ማን አለፈ። ይኸኛው እፍን ያለ ነው። ሰው ደጅ ቆሞ ቢተነፍስ እንኳ በምን ይታወቃል? ሂሳኖ ተነሡ፤ በሩን በጣት ስፋት ገርበብ አድርገው ጆሯቸውን ሰጡ። ብርዱ ሰተት ብሎ ገባ።

«አያቴ፣ ዝጊው እንጂ!»

«ቆይ፣ እየሰማሁ ነው።»

«ምኑን?»

«እሱን መች አወቅሁት» አሉ ሂሳኖ፣ ከበሩ ሳይነቃነቁ።