ተለያይቶ የሚያስታውቅ

ዮካስታ ማኅተም ያለበት ወረቀት ትፈራለች። ውሻ አትፈራም፣ የስደት ከተማዋን የሎውረንስን በረዶ አትፈራም፣ የምትሠራበትን የአረጋውያን መጦሪያ የልብስ ማጠቢያ ኃላፊ እንኳ አትፈራም፤ የመንግሥት ወረቀት ፊቷ ሲዘረጋ ግን የምትይዘው የምትጨብጠው ይጠፋታል። በመጋቢት መጀመሪያ ዶኛ አሱንታ የግብር ማስታወቂያዋን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው አንዲት ትንሽ ሳጥን ላይ ምልክት ሲያደርጉ ፈጥና ጣቷን ሳጥኗ ላይ ያሳረፈችው ለዚህ ነው።

በአክብሮት ዶኛ የሚባሉት አሱንታ በዚያ ሰፈር የማይሠሩት ሥራ የለም። የአውሮፕላን ቲኬት ይቆርጣሉ፣ ወደ አገር ቤት የሚላክ፣ ዕቃ የታጨቀበት በርሜል ይቀበላሉ፣ ሻማ ይሸጣሉ፣ በግብር ወራት ደግሞ የሰፈሩን ሁሉ ግብር ይሞላሉ።

«ይኼ ምንድን ነው የሚለው?» አለች ዮካስታ።

«‹ያገባ፣ ተለያይቶ የሚያስታውቅ።›»

«አልተለያየንም!» ብድግ አለች። ቲኬት ሊቆርጡ የተሰለፉት ሁሉ ዞር አሉ። «በእመቤቴ በአልታግራሲያ ይዤዎታለሁ፣ ማን ነው ተለያዩ ያለዎት? የባሌ እናት ናት?»

«ቁጭ በይ የኔ ልጅ፣ ሰው አታስቂብኝ። የተለያየው ወረቀቱ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። ባልሽ አገር ቤት ሞካ ነው ያለው፣ እዚህ አገር የግብር ቁጥር የለውም። አንቺ ለብቻሽ ታስታውቂያለሽ፣ እሱ ምንም አያስታውቅም። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«ያላገባች ብለው ቢሞሉትስ?»

«ባል ላምጣ ብለሽ አመልክተሽ፣ እዚህ ደግሞ አላገባሁም ልትዪ? ያን ጊዜ ነው ጉድሽ የሚፈላው።»

ዶኛ አሱንታ ይህን ብለው የባል ቁጥር በሚጻፍበት ቦታ ሦስት ፊደል ጻፉ። ምን ማለት እንደሆነ ስትጠይቃቸው ሳያስቡት «እዚህ የማይኖር ባዕድ» አሏት። አንድ ወረቀት ላይ፣ በአንድ ጣት ርቀት፣ ተለያይቶ የሚልና ባዕድ የሚል ተጽፏል። ስለ ራዳሜስ ነው የተጻፈው፤ ከአንድ ብርቱካን ላይ ጣፋጩን ወገን ለይቶ ለሷ ስለሚሰጠው ሰው። ፈረመች፣ ፊርማዋ ግን የሷ አልመስል አላት።

ከተጋቡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ፈቃድ እየወሰደች የሄደችባቸው ሳምንታት ቢደመሩ አብረው የኖሩት ሦስት ወር አይሞላም። አሁን ማመልከቻቸው ከብዙ ጥበቃ በኋላ ተንቀሳቅሷል፣ ራዳሜስም በሰኔ በአገሩ ዋና ከተማ በሳንቶ ዶሚንጎ ወዳለው ቆንስላ ለጥያቄ ተጠርቷል። ይህ የግብር ወረቀት ለባሏ ዋስ መሆን እንደምትችል ከሚያሳዩት ወረቀቶች አንዱ ስለሆነ ቆንስላው ፊት መቅረቡ አይቀርም። ትዳራችሁ የውሸት ነው ከተባለ በሩ አንዴ ተዘጋ ማለት ነው፤ ራዳሜስ እዚያ፣ እሷ እዚህ፣ እስከ መጨረሻው። ጎረቤቷ ኒውርካ ባሏን የተከለከለችው የሠርጉ ፎቶ ላይ ሁሉም ሰው የፀሐይ መነጽር ስላደረገ ነው ይባላል። እውነት ይሁን ሐሜት ማንም አላጣራም፤ ዮካስታ ግን አምናለች፣ ፈርታለችም።

ስለዚህ ማስጠናት ጀመረች። በየቀኑ በምሳ ሰዓት፣ የተጣጠፉ አንሶላዎች መሀል ተቀምጣ ትደውልለታለች።

«ሚስትህ ግብሯን እንዴት ነው የምታስታውቀው ቢሉህ?»

«ተለያይተን።»

«ጎሽ። አሁንም በል።»

«ተለያይተን። ዮካ፣ ይኼ ቃል ግን ደስ አይልም።»

«ደስ እንዲልህ አይደለም። ወረቀቱ የሚለው እሱን ነው። ሳታመነታ፣ ቶሎ በል። ካመነታህ ውሸታም ትመስላለህ።»

ራዳሜስ የሞተር ሳይክል ጠጋኝ ነው። ሞተር ከሩቅ ሲመጣ ሰምቶ የቱ ብሎኑ እንደላላ ይነግርሃል፤ ባለሥልጣን ፊት ሲቆም ግን የገዛ ስሙ ይጠፋበታል። ሌላም አመል አለው። የዮካስታን ጥፋት ሁሉ በራሱ ላይ ይወስዳል። በሠርጋቸው ቀን፣ እናቱ ግቢ ውስጥ፣ ዮካስታ ወደ ኋላ ስትራመድ ባለ ሦስት ፎቁን ኬክ በመቀመጫዋ ገፍታ ጣለችው። እንግዳው ሁሉ አፉን ከፍቶ ሳለ ራዳሜስ ወደ መሀል ገብቶ፣ «እኔ ነኝ፣ ሰክሬ ነው» አለ። ራዳሜስ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። እናቱ እስከ ዛሬ በዚያ ኬክ ይነዘንዙታል።

በሰኔ፣ በዚያች ሐሙስ፣ ስልኩ የጮኸው አንሶላ ስታጣጥፍ ነው።

«ዮካ! ጨረስኩ!» ድምፁ ፈክቷል። «ሁሉንም እንዳስጠናሽኝ ነው ያልኩት። ፓስፖርቴንም በሰላም መለሱልኝ።»

ቪዛ ሊለጥፉበት ፓስፖርቱን የሚቀበሉት የተሳካለትን ሰው ነው፤ መልሰው የሚያስታቅፉት ያልተሳካለትን ነው። ይህን በሎውረንስ የማያውቅ የለም፣ ሞካ ላይ የማያውቅ ቢኖር ራዳሜስ ነው።

«ምን ጠየቁህ? አንድ በአንድ ንገረኝ።»

«ሴትዮዋ ጥሩ ሰው ናት። ‹ከባለቤትዎ ጋር አሁን እንዴት ናችሁ?› አለችኝ።»

«እሺ?»

«‹ተለያይተን› አልኳታ! ሳላመነታ፣ ቶሎ።»

ከኋላዋ የልብስ ማድረቂያው ይሽከረከራል። ከልብስ የተበጠሰ አንድ ቁልፍ ቆርቆሮውን ኳ፣ ኳ ያደርገዋል።

«ራዳሜስ። ስለ ግብር ነው የጠየቀችህ?»

«ግብር የሚል እንኳ አልሰማሁም። እንዴት ናችሁ ነው ያለችው። ያ ጥያቄ መጣ ብዬ መለስኩ። ከዚያ ‹ከመቼ ጀምሮ?› አለችኝ። ‹ከመጋቢት ጀምሮ፣ ዶኛ አሱንታ ጋ ነው የጨረስነው› አልኳት። ምነው? ዮካ? አለሽ?»

ነበረች፤ ግን አንሶላው ክምር ላይ ተቀምጣለች። ሦስት ወር ሙሉ ቃሉን አንድ በአንድ አፉ ውስጥ የከተተችው ራሷ ናት። በገዛ አፌ ፈታሁት፣ አለች በልቧ።

የሰጡት ወረቀት በእንግሊዝኛ ስለሆነና ማንበብ ስለማይችል ፊደል በፊደል አስጠራችው፣ እሷም የሳሙና ካርቶን ላይ ጻፈች። ሲገጣጠም እንዲህ ይላል፤ ለጊዜው አልተፈቀደም፤ ትዳሩ እውነተኛ ስለመሆኑ ጥርጣሬ አለ፤ በሐምሌ ዘጠኝ ባልና ሚስት አንድ ላይ ይቅረቡ።

በቀሩት ሳምንታት የምትሠራው ሁሉ ተዘበራረቀባት። አንድ ቀን የአንዲትን አሮጊት ቀይ ቀሚስ ከነጭ ልብሶች ጋር አጥባ ሁሉንም ሮዝ አደረገችው። ዶኛ አሱንታ ጋ ሄዳ ስታለቅስ፣ ዶኛዋ ራሳቸውን ይዘው «ወይኔ የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ የተለያየው ወረቀቱ ነው ብዬሽ ነበር» አሉ፤ ከዚያም ቲኬቷን በቅናሽ ቆረጡላት።

ራዳሜስ አውሮፕላን ማረፊያ የጠበቃት ተቀቅሎ የተፈጨ ጥሬ ሙዝና የተጠበሰ አይብ በሳህን ይዞ ነው። አልበላችም። ወደ ዋና ከተማው በሚወስደው ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተጣበው ተቀመጡ፤ ሹፌሩ የከፈተው ሙዚቃ ጆሮ ይበጥሳል።

«ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ» አለ ራዳሜስ። «አንቺ ዝም በይ።»

«እንዳታደርገው! ለየብቻ ነው የሚጠይቁን። ቃላችን ካልገጠመ አለቀልን፣ ገባህ? እውነቱን በል። ሚስቴ ናት ያስጠናችኝ፣ ስለ ግብር መስሎኝ ነው በል።»

«አንቺን ነገር ውስጥ ላስገባሽ?»

«አስገባኝ!»

«እሺ።»

ዮካስታን ከዚያ ሁሉ የበለጠ ያስፈራት ይህች «እሺ» ናት። ታውቃታለች። አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ወደ መስኮት እያየ የሚላት እሺ ናት። ኬኩ ከወደቀ በኋላ፣ ዝም በል፣ እኔው እናገራለሁ ብላ በጆሮው ስታንሾካሽክለትም ልክ እንደዚሁ «እሺ» ብሎ ነበር ወደ መሀል የገባው።

ቆንስላው አዳራሽ ቀዝቃዛ ነው። ከመስታወቱ ወዲያ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ተቀምጣለች። ወረቀቶቹን አገላበጠችና በለሰለሰ ስፓኒሽ፣ «ለጥቂት ደቂቃ እንለያያችኋለን» አለች። ዮካስታ ቃሉን ስትሰማ የራዳሜስን እጅጌ ጨበጠች፤ ራዳሜስ ጣቶቿን ቀስ ብሎ አላቆ ወጣ።

ሴትዮዋ ብዙ ጠየቀቻት። የባሏ እናት ስም፣ በየትኛው ወገን እንደሚተኛ፣ መጨረሻ ያኮረፉት በምን እንደሆነ። ዮካስታ አንድ በአንድ መለሰች። በመጨረሻ ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አነሳች።

«ባለቤትዎ ተለያይተናል ብለዋል። ለምን?»

ዮካስታ ሁሉንም ተናገረች፤ ሳጥኗን፣ ዶኛ አሱንታን፣ የምሳ ሰዓቱን ጥናት። የግብር ወረቀቱን ቅጂ አውጥታ ቃሉን በጣቷ አሳየች። ሴትዮዋ ፊቷ ላይ ምንም ሳይነበብ ጻፈች።

«ሌላ የሚጨምሩት አለ?»

እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። ደህና ተናግራለች። ግን ያቺ «እሺ» ከጆሮዋ አልወጣችም። ብትናገር የገዛ ባሏን ቆንስላ ፊት ማጋለጧ ነው፤ ዝም ብትል ቃላቸው አይገጥምም።

«አለ» አለች። «ባሌ ይዋሽዎታል።»

እስክሪብቶው ቆመ። «እንዴት ማለት?»

«ጥፋቱ የኔ ነው ይልዎታል። ሚስቴ አላስጠናችኝም፣ ከራሴ ነው ያመጣሁት ይላል። በእናቱ ይምላል። እናቱን በጣም ስለሚወድ እውነት ይመስልዎታል። አይመኑት፣ እመቤቴ።»

«ለምን ይዋሻል?»

«እንዲህ ነው የተፈጠረው። የሠርጋችንን ኬክ የጣልኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ በመቀመጫዬ። እሱ ግን ሰክሬ ነው ብሎ ለሁሉም ተናገረ። ጠጥቶ አያውቅም። እናቱ እስከ ዛሬ እውነቱን አያውቁም።» እንባዋ መጣ። «ክፋት የለበትም። ብቻ እኔ እንድወቀስ አይፈልግም።»

ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ አየቻት። በእጇ ወደ ኋላ ወንበሮች አመለከተቻት፣ ራዳሜስም ተጠራ።

ዮካስታ ፋይሏን በደረቷ አቅፋ ተቀመጠች። ከዚያ ርቀት የሌላ ሰው ንግግር አይሰማም፤ የራዳሜስ ግን ይሰማል። ዕድሜውን በሞተር ድምፅ መሀል የኖረ ሰው ቀስ ብሎ መናገር አያውቅም፣ አዳራሹ ሁሉ ያዳምጠዋል።

«እሷ ምን ታውቃለች?» ሲል ሰማችው። «እኔ ነኝ ከራሴ ያወጣሁት! ሚስቴ አንዲት ቃል አላስጠናችኝም። በእናቴ!»

አለቀ፣ አለች ዮካስታ። ዓይኗን ጨፈነች። ሴትዮዋ አታምነኝም፣ ተመካክረው ነው የመጡት ትላለች፣ እኔም ተሳፍሬ ብቻዬን እመለሳለሁ። ፋይሉ እጇ ላይ ተጨማደደ።

ከዚያ ሴትዮዋ ወደ ድምፅ ማጉያው ጠጋ ብላ አዳራሹ እስኪሰማ ጠየቀች።

«ጌታው፣ የሠርጋችሁን ኬክ ማን ነው የጣለው?»

ራዳሜስ ደንግጦ ትከሻው ወደ ላይ ወጣ። ወደ ኋላ ዞሮ ሚስቱን አያት፣ ተመለሰ፣ አንገቱን ሰበር አደረገ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሰክሬ ነበር።»

ሴትዮዋ ወረቀት አንስታ አፏን ሸፈነች። ትከሻዋ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ወረቀቱን ስታወርድ ፊቷ እንደ መጀመሪያው ነበር፤ ማኅተሟን አንስታ መታች፣ እጇንም በመስታወቱ ስር ዘርግታ «ፓስፖርትዎን» አለች። ራዳሜስ ሰጣት። መሳቢያዋን ከፍታ አስገባችው፣ ዘጋችውም።

ባዶ እጁን እያየ ወደ ሚስቱ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ዮካ» አለ፣ «ፓስፖርቴን ወሰደችብኝ። ይቅር በይኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»