ቀይዋ በሚካኤል ቀን

የመኪናቸውን ቁልፍ ከአባታችን እንድወስድ የላከኝ ወንድሜ ኤርምያስ ነው። «አንቺ ብትጠይቂያቸው አይቆጡም» አለኝ ባሕር ዳር መነኻሪያ ሲሸኘኝ። «እኔ ከጠየቅሁ፣ ልጄ በቁሜ ሊቀብረኝ ነው ይላሉ።»

እኔ ግን ሰው የያዘውን ነገር አምጣ ማለት አይሆንልኝም። ሚኒባሱ ውስጥ አንዱ ተሳፋሪ እግሬ ላይ ያስቀመጠውን ጆንያ አንሳልኝ ማለት አፍሬ፣ እግሬ እንደ ደነዘዘ ነው ደብረ ታቦር የወረድኩት።

አባቴ አቶ ዳኛቸው ዕድሜያቸውን የመንግሥት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ከጎንደር አንዲት ጣሊያን ሠራሽ የስፖርት መኪና ይዘው መጡ። ባለ ሁለት በር፣ ወደ መሬት ዝቅ ያለች፣ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ ናት። ቀለሟ ስለ ደበዘዘ ቀይ መሆኗን የሚያውቀው ቀድሞ የሚያውቃት ብቻ ነው። ቤታችን ውስጥ ግን ዛሬም «ቀይዋ» ትባላለች።

ከክረምት ወዲህ የቀይዋ ሞተር መንገድ ላይ መጥፋት ጀመረ። በየወሩ በሚካኤል ቀን አባቴ ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲመለሱ፣ ገበያው አጠገብ ያለው ዳገት ላይ ትንቀጠቀጥና ቀጥ ትላለች። ከቅዳሴ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል፤ ጎረምሶች እየሳቁ ይገፏታል። በማግስቱ ኤርምያስ መጥቶ ቁልፉን ሲያዞር ግን ወዲያው ትነሳለች። ከተማውን ዞሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ምንም ሳትሆን ይመልሳታል። «መኪናዋ ጤነኛ ናት» አለኝ። «ችግሩ አባባ ናቸው። ማርሽ ያምታታሉ መሰለኝ። ሰው ሳይገጩ ቁልፉን እንውሰድባቸው።»

ግቢው ስገባ አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ቀይዋ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«አንቺም ለቁልፉ ነው የመጣሽው?» አሉኝ፣ ገና ሰላም ሳልላቸው።

«መኪናዋን ልያት ብዬ ነው» አልኩ። ከየት እንደ መጣልኝ አላውቅም።

ፊታቸው በራ። «እሱስ እውነትሽን ነው። ስለ ኤሌክትሪክ አይደል የተማርሽው?» ከዚያ ወደ ቤቱ በር አየት አድርገው ድምፃቸውን ቀነሱ። «ኤደን፣ መኪናዋ ደህና ሆና ካገኘሻት ግን ንገሪኝ። አትደብቂኝ። እኔም አንዳንዴ ግራ ይገባኛል። ዳገቱ ላይ ስትጠፋ እኔ ምን አድርጌ እንደ ነበር ለማስታወስ እሞክራለሁ፤ አይመጣልኝም።»

ኮፈኑን ከፈትኩ። ባትሪው ደህና ነው። ኤሌክትሪኩን የሚያጠነክረውን ኮይል በመለኪያ ለካሁት፤ ደህና ነው። ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች አንድ በአንድ እየፈታሁ ብረት አስነክቼ ሞተሩን ሳስዞር፣ እያንዳንዳቸው ቆንጆ ብልጭታ ሰጡኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን አንድ ደህና ነገር ባገኘሁ ቁጥር የሚቀጥለው ተበላሽቶ እንዲገኝ መመኘት ጀመርኩ። መኪናዋ ጤነኛ ከሆነች ቀሪው አባቴ ናቸው።

እናቴ ላቀች ደጃፉ ላይ የጉና ተራራ ድንች እየላጠች ታየናለች። «እሷን ትተሽ እሳቸውን ብትመረምሪ ይሻልሻል» አለችኝ። «ትናንት መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ሲፈልጉት ዋሉ።»

«አንቺስ ወጡ ላይ ሁለቴ ጨው የጨመርሽው?» አሉ አባቴ።

«እኔ የማማስለው ወጥ ነው። ወጥ ሰው አይገጭ!»

አባቴ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ።

ሌላ የምለካው ሲጠፋኝ፣ «አባባ፣ በሚካኤል ቀን የሚያደርጉትን ሁሉ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አልኩ።

«ምን አደርጋለሁ? በጠዋት አስነሳታለሁ። እሄዳለሁ። አስቀድሳለሁ። ከዚያ ኮፈኑን እከፍትና ቄስ ሞላ ይረጩልኛል።»

«ምን?»

«ጸበል ነዋ! ሌላው ሰው ጎማና መስታወት ያስረጫል፤ እኔ ግን ሞተሩን ነው። ነፍሷ እዚያ አይደል? ክረምት ላይ ጋፋት መታጠፊያው ጋ ከተንሸራተትኩ ወዲህ አንድም ወር አላጓደልኩም።»

መለኪያዬን አስቀመጥኩ። ሞተሩን የሚያጠፋው ይኸው እርጥበት ይሆን? ላንድ ሃይማኖተኛ ሰው፣ መኪናህን የሚያጠፋት ጸበሉ ነው ተብሎ እንዴት ይነገራል?

«እንሞክረው» አልኩ ብቻ። «ከቧንቧው ትንሽ ውኃ…»

«የሚካኤልን ቀን እንድገመው ካልሽ በራሱ በጸበሉ እንድገመዋ!» ብለው ገቡና ጸበሉን በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው ወጡ። ሞተሩን አስነሱ፤ አማተቡ፤ ቄሱ እንደሚያደርጉት በእጃቸው ረጩት። ቀይዋ ለጥቂት ጊዜ እንደ ወትሮዋ ሠራች። ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረች።

«ይኸዋ!» አሉ አባቴ። «ልክ እንዲህ ነው የምትለው። እኔ ምንም አልነካሁም፤ አየሽ አይደል?»

ከሞተሩ ውስጥ ጥፍር በጥርስ እንደሚነከስ ያለ ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ ግን በዚያ ፀሐይ የሚታይ ነገር የለም። «ጋቢዎን ያውሱኝ» አልኳቸው። ጋቢውን በሁለታችን ራስና በተከፈተው ኮፈን ላይ ጣል አድርገን ጎነበስን። እጃቸውን እንዳያስገቡ ክንዳቸውን ያዝኩ። ዓይናችን ጨለማውን ሲለምድ፣ ኤሌክትሪኩን ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ወደ ካንዴላዎቹ በሚሄዱት አራት ገመዶች ላይ ሰማያዊ የብልጭታ ክሮች ይዘላሉ። አንዱ ጋ ይጠፋል፤ ሌላው ጋ ይበራል። የገመዶቹ ልባስ በእርጅና ተሰነጣጥቋል። ሲደርቅ ኤሌክትሪኩ መንገዱን ይዞ ይሄዳል፤ ሲረጥብ በስንጥቁ እየወጣ ወደ ሞተሩ ብረት ይዘላል፤ ካንዴላው ጋ አይደርስም። ኤርምያስ የሚነዳት ሁልጊዜ በማግስቱ፣ ደርቃ ነው።

ሞተሩ ጠፋ። አባቴ ሊያዝኑ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«አስጮኸው» አሉ ጋቢው ውስጥ እንዳሉ፣ በሹክሹክታ። «ተደብቆ ኖሮ ጸበሉ አስጮኸው! ሰውም ላይ ያለው መንፈስ እኮ እንዲህ ነው፤ ሲረጩት ነው የሚለፈልፈው።»

ውኃው ኤሌክትሪኩን አሳልፎት ነው ልል ነበር። ግን እሳቸው ያሉት ከዚህ በምን እንደሚለይ ቶሎ ልይዘው አልቻልኩም። ስንጥቁ ነበረ፤ አይታይም ነበር፤ ሲረጭ ታየ።

ገበያ ሄጄ ለሌላ መኪና የተሠራ፣ ትንሽ የሚረዝም የካንዴላ ገመድ አገኘሁ። ከደስታዬ ብዛት አሮጌዎቹን አራቱንም በአንዴ ነቅዬ ጣልኩ፤ አንዱን ነቅሎ አንዱን መተካት እንደሚገባ እያወቅሁ። አዲሶቹን በግምት ሰካሁ። አባቴ ቁልፉን ሲያዞሩ ቀይዋ በጭስ ማውጫዋ እንደ ጥይት ጮኸች።

«ምን ፈነዳ?» አለች እናቴ፣ ድንቹን ጥላ።

«ዩኒቨርሲቲው!» አሉ አባቴ፣ እየሳቁ።

አፍሬ አቀረቀርኩ። ሞተሩን በእጄ ቀስ እያልኩ አዙሬ፣ የትኛው ካንዴላ ቀድሞ ብልጭታ እንደሚሰጥ ለይቼ፣ ገመዶቹን እንደ ተራቸው መለስኳቸው። አባቴ የቀረውን ጸበል በሙሉ ሞተሩ ላይ ደፉት። ቁልፉን አዞሩት። ቀይዋ ተነሳች፤ ልስልስ ያለ ድምፅ አወጣች፤ አልተንቀጠቀጠችም።

«ግቢ!» አሉኝ፣ የመኪናዋን በር ከፍተው።

በገበያው በኩል ዳገቱን ወጣን። የሚገፋን አልነበረም። ማርሽ አላምታቱም፤ ፍሬናቸውም ለስላሳ ነበር። በጋፋት መንገድ ጥቂት ሄደን ተመለስን። ለኤርምያስ ምን እንደምለው በልቤ እያዘጋጀሁ ነበር፤ ችግሩ ገመዱ ነው፣ አባባ ጤነኛ ናቸው፣ ቁልፉ እሳቸው ጋ ይቆያል።

ከዚያ ሰፈራችን ደረስን፤ የቤታችንንም በር አለፍነው።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ሁለቱን ጎረቤቶቻችንን አለፉ፤ ወፍጮ ቤቱንም አለፉ። ዝግ አሉና የመንገዱን ዳር ይዘው ቆሙ። ከፊታችን ያለውን አጥር እንደ እንግዳ ሰው ተመለከቱት።

«አባባ?»

«ትንሽ… ትንሽ ልንዳት ብዬ ነው» አሉ። በራችንን ያለፉት ከደስታ ይሁን ቤቱ ጠፍቷቸው፣ መለየት አቃተኝ። መለኪያዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ይህን የሚለካ ግን አይደለም።

ሞተሩን አጠፉ። ቁልፉን ነቅለው እጄ ላይ አኖሩት። «አንቺ መልሺያት። ደከመኝ።»

ቀይዋን ግቢ አስገባኋት። ልወስደው የተላክሁት ቁልፍ ሳልጠይቅ እጄ ውስጥ ነው። አባቴ ወደ ቤት ሲገቡ ወደ ኋላ ዞረው አላዩኝም። ስልኬ ጠራ።

«እሺ፣ መኪናዋ ናት ወይስ አባባ?» አለ ኤርምያስ።

«ገመዱ ተሰነጣጥቆ ነበር። ቀየርኩት።»

«እኮ እሳቸውስ?»

«አላውቅም» አልኩ። «በሚቀጥለው ሚካኤል እመጣለሁ። አጠገባቸው ተቀምጬ አያለሁ።»

«ቁልፉስ?»

በሩ አጠገብ፣ አባቴ ሁልጊዜ ቁልፉን የሚሰቅሉበት ምስማር አለ። ሰቀልኩት።

«ቦታው ላይ ነው» አልኩት።